ባንድ መምራት በፖፕሙንዶ፦ ጠይቁኝ

ፖፕሙንዶ ላይ ባንድ ስለመምራት ብዙ ጥያቄ ተጠራቅሟል፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ለማያውቁት፦ ስዊድኖች የሠሩት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ትፈጥራለህ፣ ሙዚቃ ታስተምረዋለህ፣ ባንድ ታቋቁማለህ ወይም ትቀላቀላለህ፣ ከዚያ ከተማ ለከተማ እየዞርክ ትሠራለህ። ሌሎቹን የባንዱን አባላት የሚያንቀሳቅሳቸው ኮምፒውተር አይደለም፣ እንደ አንተ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጨዋታውን የሚያከብደውም የሚያጣፍጠውም ይሄ ነው። በሉ እንግዲህ።

ጥያቄ፦ ስልኬ አሮጌ ነው፣ ዳታም ውድ ነው። ይሄዳል?

ይሄዳል። የሚወርድ ነገር የለም፣ በብሮውዘር ትከፍተዋለህ። ጽሑፍ ነው በአብዛኛው፣ ስለዚህ ዳታ አይበላም፤ ግራፊክስ ፈልገህ ከመጣህ ግን ታዝናለህ።

ጥያቄ፦ ካራክተሬ ገና 18 ዓመቱ ነው። ዘፋኝም ጊታሪስትም ግጥም ጸሐፊም እንዲሆን ነው የምፈልገው፣ ከምኑ ልጀምር?

አንዱን ያዝ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ዓመት ማለት በእኛ አቆጣጠር 56 ቀን ነው። የ18 ዓመቱ ልጅህ 30 ሊሞላው 672 ቀን ይፈጅበታል ማለት ነው፣ ሁለት ዓመት አይሞላም። ብዙ ይመስላል ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ችሎታ በኮከብ ነው የሚለካው፣ ኮከቡ ደግሞ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ መጽሐፍ ታነባለህ፣ ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ፣ ከሌላ ተጫዋች ትማራለህ፣ ሁሉም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፅ ወይም አንድ መሣሪያ። ቀጥሎ የባንዱን የሙዚቃ ዘርፍ፣ ምክንያቱም ዘርፉም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ግጥምና ዜማ ከዚያ ይመጣሉ፣ ያውም ባንዱ ውስጥ የጎደለውን አይተህ። ሦስት ግጥም ጸሐፊና ዜማ የሚሠራ አንድም ሰው የሌለበት ባንድ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ የአፍሪካ ሙዚቃ የሚል ዘርፍ አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

አዎ አለ፣ ከሬጌ፣ ከጃዝ፣ ከሂፕ ሆፕ፣ ከብሉዝ ጎን። አንቺዬ ግን ብዙ አትጠብቂ። ጨዋታው ድምፅ የለውም፣ ቅኝትም አያውቅም፤ አምባሰል አልሽው ባቲ አልሽው ለሱ ያው ቁጥር ነው። የዘፈንሽን ስም በአማርኛ ስታወጪ ብቻ ነው የራስሽ የሚሆነው፣ እሱም ደስ ይላል። ዘርፍ ስትመርጪ ዋናው ነገር ሁሉም አባል እሱኑ ለመማር መስማማቱ ነው። ግማሹ ሄቪ ሜታል እየተማረ ግማሹ ሬጌ የሚማርበት ባንድ ዘፈኑ ወደ ላይ አይልም።

ጥያቄ፦ ባንድ ልመሠርት ነው። ድራመርና ቤዚስት እንዴት ልምረጥ? ኮከባቸውን አይቼ?

እዚህ ላይ ቆም በል፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮከብ አይተህ አትምረጥ። መጀመሪያ የምትጠይቀው በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትገባው የሚለውን ነው። ልምምድ ለማድረግ ሁላችሁም አንድ ከተማ ውስጥ መሆን አለባችሁ። ጉዞ ደግሞ እውነተኛ ሰዓት ይፈጃል፣ አንዱ ሳይገባ ቀርቶ ሌላ ከተማ ከተረሳ አራታችሁም ቆማችሁ ትጠብቁታላችሁ። ሁለት ኮከብ ያለው፣ ግን ጠዋትና ማታ የሚገባ ድራመር፣ አምስት ኮከብ ይዞ በሳምንት አንዴ ከሚታይ ይሻላል። የመጀመሪያው በወራት ውስጥ ያድጋል፣ ሁለተኛው ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ደግሞ ምን ትፈልጋለህ የሚል ይሁን። ዓለምን መዞር የሚፈልግ አለ፣ አንድ ከተማ ተቀምጦ ቤተሰብ መመሥረት የሚፈልግም አለ (አዎ፣ ጋብቻም ልጅም አለ፣ አንዳንዱ የሚጫወተው ለሱ ብቻ ነው)። ሁለቱን አንድ ባንድ ውስጥ ካስገባህ ጠብ ነው። ሌላው ቋንቋ ነው። ቱርኮችና ብራዚሎች በብዛት ይጫወታሉ፣ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾችም አሏቸው። ግን ኮንሰርቱ ወደ ሌላ ቀን ዞሯል የሚለውን መልእክት አንዱ ካልተረዳው ችሎታው ምን ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ ኮንሰርት አዘጋጅተን ባዶ አዳራሽ! ትኬቱም ርካሽ ነበር። ምን አጥፍተን ነው?

ሁለት ነገር እገምታለሁ። አንደኛው፣ ዝና በየከተማው ለየብቻ ነው የሚቆጠረው። ለንደን ላይ ስማችሁ ቢናኝ ጆሃንስበርግ ላይ ማንም አያውቃችሁም፣ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። አዲስ ተጫዋች በአንድ ሳምንት አምስት ከተማ ይረግጥና የትም ሳይታወቅ ገንዘቡ ያልቅበታል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ወይ ሦስት ከተማ ምረጡ፣ ጉዞው አጭር ይሁን፣ እዚያው ተመላለሱ። ታዳሚ የሚለምደው ደጋግሞ ሲያያችሁ ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ትልቅ ክለብ ያጓጓል፣ ሆኖም ለማይታወቅ ባንድ ትንሿ ክለብ ትበቃዋለች። ትኬቱ ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሰው አይመጣም፣ የማይታወቅ ባንድ በነፃም አይታይም። ዋጋውን ከዝናችሁ ጋር እያመዛዘናችሁ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ የሰው ቁጥር ድንገት ሲወርድ አንድ ደረጃ መልሱት። ከየኮንሰርቱ በኋላ የሚመጣውን ሪፖርት አንብቡ እባካችሁ። የትኛው ዘፈን እንደሞቀ፣ የትኛው እንደቀዘቀዘ እዚያው ተጽፎ ይመጣል፣ ግን ገቢውን ብቻ አይቶ የሚዘጋው ይበዛል።

ጥያቄ፦ ስንት ዘፈን ይበቃናል? እኛ 30 አለን፣ ሁሉም ደካማ ነው።

መልሱን ራስህ ተናገርከው። የዘፈን ጥራት የሚመጣው ከግጥሙ፣ ከዜማውና ከልምምዱ ነው። ያልተለማመዳችሁት ዘፈን በወረቀት ላይ ጥሩ ቢሆንም መድረክ ላይ ይወድቃል፣ ችላ ያላችሁት ደግሞ ይዝጋል። 30 ዘፈን ላይ የተበተነ ልምምድ የትም አያደርስም። ለአንድ ኮንሰርት የሚበቃችሁን ያህል ምርጥ ምርጡን ያዙ፣ ሌላውን ተዉት። ችሎታችሁ ሲያድግ አዲስ ትጽፋላችሁ፣ የድሮዎቹን አንድ በአንድ ታወጣላችሁ። የምትወዱትን ዘፈን መጣል ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን ጣሉት።

ጥያቄ፦ አልበም አሁን እናውጣ ወይስ እንጠብቅ?

ጠብቁ። ማንም ካላወቃችሁ ማን ይገዛል? ነጠላ ዜማ ይቅደም፣ ያውም ጥቂት ከተሞች ላይ ስም ካገኛችሁ በኋላ።

ጥያቄ፦ ቪአይፒ ካልከፈልኩ አልሄድም?

ትሄዳለህ። ክፍያው ምቾት ነው የሚጨምርልህ። ካርድ ይዘን ከውጭ ድረ ገጽ መግዛት ለእኛ ራሱ ጣጣ ነው፣ ስለዚህ በነፃ ጀምር። ሦስት አራት ወር ሳይሰለችህ ከቆየህ ያኔ አስብበት።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ኮንሰርት አለኝ እያለ ሌሊት አይተኛም። እውነት መንቃት አለበት?

የለበትም እማማ። ኮንሰርቱ እሱ ተኝቶም ይካሄዳል፣ ቀድሞ ካዘጋጀው ይበቃል፣ ውጤቱን ጠዋት ያየዋል። ሌሊት የሚያነቃው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ራሱን ይጠይቁት። ምናልባት ደግሞ ሰዓቱ ተምታቶበት ይሆናል፤ ጨዋታው ላይ 20:00 የሚለው በእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው፣ የሰዓት ልዩነትም አለ። ሰዓቱን ከጨዋታው ገጽ ላይ ይይ።

ጥያቄ፦ ወራት መጠበቅ አልችልም። ቅዳሜ ተጀምሮ እሑድ የሚያልቅ የለም?

አለ። አሮጌ ነገር የማትንቅ ከሆነ ኮድማስተርስ በ1988 ያወጣውን ሮክ ስታር ኤት ማይ ሃምስተር ሞክር። 50 ሺህ ፓውንድ ይዘህ ትነሳለህ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት የወርቅ ዲስክ ማግኘት አለብህ። ቀልድ ነው እንዳለ፣ ታዋቂ ዘፋኞችን እያሾፈባቸው ነው። ግን ስሌቱ አይቀልድም፦ ስመ ጥር ሰው ከቀጠርክ ከገቢው ብዙ ይወስድብሃል። ሌላው የፖዚቴክ ኩዶስ፦ ሮክ ሌጀንድ ነው፣ በ2007 የወጣ። ቀን በቀን ነው የሚሄደው፣ የባንዱ አባላት ስሜት ከወረደ ጥለውህ ይሄዳሉ። ለፖፕሙንዶ ጥሩ መለማመጃ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የሚያኮርፈው ኮምፒውተሩ መሆኑ ብቻ።

ጥያቄ፦ ጊታሪስታችን ከጠፋ ሁለት ሳምንት አለፈው። ጎበዝ ነው፣ መሥራቻችንም ነው። እናባርረው?

መጀመሪያ መልእክት ላኩለት፣ ሰው ነው፣ ታሞ ይሆናል፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል፣ ፈተና ላይ ይሆናል። ቀን ቁረጡለት። እስከዚያ አዲስ ጉዞ አትጀምሩ፣ እሱ ያለበት ከተማ ሄዳችሁ ተለማመዱ፣ ሌላ ጊታሪስት ግን ከአሁኑ አነጋግሩ። ቀኑ ሲያልፍ ተኩት። መሥራች ስለሆነ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ድራመራችሁ ሰልችቶት ይሄዳል፣ ያኔ ሁለት ሰው ነው የምትፈልጉት። ለአዲሱም ከመግባቱ በፊት ንገሩት፦ ስንት ቀን ከጠፋ እንደሚተካ፣ ከጠፋ ማን እንደሚወስንለት። ኋላ ሲመለስ የሚጨቃጨቀው ይህ ያልተነገረው ነው።