ካንዴላውን ከመቀየራችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የሞዴል አውሮፕላኔ ሞተር ይነሳል፤ ሚኒሞም (ዝቅተኛውን ዙር) ይይዛል። የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ስከፍተው ግን ጥቂት ይሄድና ቀጥ ይላል። ካንዴላ መለወጥ ሰለቸኝ፤ ሌላ ላስመጣ ወይስ ሞተሩ አልቆለታል?» አለኝ። ባጭሩ መለስኩለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት የጠየቀ ሌላ ልጅ ነበር፤ መልሱ ሳይደርሰው ሄዷል። ስለዚህ ለደዋዩም፣ ሞተር ለምትወዱ ለሌሎቻችሁም ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በደሴ መንገድ ላይ፣ ጣርማ በርን የሚወጡና የሚወርዱ መኪኖችን ስጠግን ነው። ሞዴል አውሮፕላን ያሳየኝ ከመንዝ የመጣ ረዳታችን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውጭ አገር ያለ አጎቱ አንድ ካርቶን ላከለት፤ ከቀላል እንጨት የተሠራ አውሮፕላን፣ የሬዲዮ መቆጣጠሪያ፣ ጡጫ የምታህል 6.5 ሲሲ ሞተር። ልጁ ቀን ከእኛ ጋር ዘይት ሲያፈስ፣ ጎማ ሲፈታ ይውልና ማታ ባንኮው (የሥራ ጠረጴዛው) ጥግ፣ ሞርሳው አጠገብ እሷን ይዞ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ የሚመጣው እጁ ነው። ቀኑን ሙሉ ከትልቅ ቁልፍ ጋር ሲታገል የዋለው እጅ፣ ማታ የነዳጁን መጠን የምትወስነውን መርፌ እንደ ሰዓት ሠሪ በጥፍሩ ጫፍ ያዞራት ነበር።

ያቺ ሞተር ቤንዚን አትጠጣም። 80 በመቶ ሜታኖል፣ 20 በመቶ የጉሎ ዘይት እየቀላቀልን ነበር የምንሰጣት። ተቀምሞ የሚሸጠው ነዳጅ ናይትሮሜቴን የሚባል ነገር ይጨመርበታል፤ እኛ ጋ አይገኝም ነበር፣ ያለ እሱም ትሠራለች። ካንዴላዋም እንደ መኪናው ብልጭታ አትሰጥም። ውስጧ ከፕላቲኒየም የተሠራ ጥቅል ሽቦ አለ። ለማስነሻ 1.5 ቮልት ሰጥታችሁ ታግሉታላችሁ፤ ሞተሩ ከተነሳ ባትሪው ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ሽቦውን እንደጋለ የሚያቆየው ሜታኖሉ ፕላቲኒየሙን ሲነካ የሚፈጥረው ሙቀትና ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ነው። ቤንዚን ይህን አያደርግም፤ ያለ ባትሪ ሽቦው ይቀዘቅዛል። የጉሎ ዘይቱ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ባለቤቴ ጋቢዬን ደጅ ታሰጣው ነበር።

ሞተሯ አንድ ቀን ትሠራለች፣ አንድ ቀን ታኮርፋለች። ጋራዡ ውስጥ ያለ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ካንዴላው ነው ያለ አለ፣ ሜታኖሉ ውሃ ገብቶበታል ያለም አለ። ዋናው መካኒካችን፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የትኛው ኩሽኔታ እንደታመመ የሚለዩ ሰው ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እሳቸው «አየሩ ነው» አሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህሉ ይጎድላታል። ከሞተሩ ጋር የመጣው ወረቀት የሚያዘው የመርፌ ዙር ለቆላ አገር ነው። እዚህ ነዳጁ ይበዛባትና ትታፈናለች፣ ጭሷም ይበረክታል። ጣርማ በር ላይ የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ የሚተፋው በዚሁ ምክንያት ነው። መርፌውን ጠበቅ ሲያደርግላት ድምፅዋ ጠራ፣ ዳነች አልን። ታዲያ ባንኮ ላይ ሁልጊዜ ታንኩን ሞልተን ነው የምናስነሳት፤ ሜታኖል እንደ ልብ ስለማይገኝም ጥቂት አስጩኸን እናጠፋታለን። ይህን ልብ በሉልኝ።

ለማብረር ሸዋ ሮቢት ወረድን። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ሜዳው ሰፊ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። በዚያ ቁልቁለት ስንት መኪና ፍሬኑ ግሎ እንደጠገንኩ ለልጁ እያወራሁለት ነበር፤ እሱ ግን አውሮፕላኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አይሰማኝም። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ወፈር ይላል፤ ሞተሩ ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ልጁ እንደደረስን ማንም ሳይነግረው መርፌውን መልሶ ከፈት አደረገላት። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር።

ተነሳች። የሰፈሩ ሕፃናት እየጮኹ ተከተሏት። ሜዳውን ዞረች፣ ደገመች፣ እሱም ፊቱ በርቶ ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። ይህን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም፤ ወፍራሙ ጩኸት ድንገት ይስልና ጸጥ ይላል። ያለ ሞተር እየወረደች ሄዳ ከተከመረ የማሽላ አገዳ ጋር ተላተመች፤ ክንፏ ከመሃሉ ተሰበረ። ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስብርባሪዋን ለቃቅሞ በጋቢው ጠቀለላት። ዳገቱን ስንመለስ «ይቺ ሞተር ክፉ ናት» አለ፤ ሌላ ነገር አልወጣውም። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ትቶ ወደ ንግድ ገባ፤ ዕቃውን እዚያው ባንኮ ሥር ጥሎልን ሄደ።

ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ታንኩን ፈታሁት። ከክዳኑ ወደ ውስጥ አንዲት ቀጭን የናስ ቱቦ ትገባለች፤ ጫፏ ላይ ወደ ታች የሚጎትተው ከባድ ብረት ያለው ጎማ ተሰክቶባታል፣ ነዳጁን ከታንኩ ሥር የሚስበው እሱ ነው። የናሱ አፍ ሲቆረጥ በሞረድ አልለሰለሰም። ስለቱ ጎማውን ከውስጥ በልቶ፣ ጎማው ሲቃና የማይታይ፣ ሲታጠፍ ብቻ አፉን የሚከፍት ስንጥቅ አበጅቷል። አንዱን ጫፍ ደፍኜ ውሃ ውስጥ ነክሬ ስነፋው አረፋው ተንጠባጥቦ ወጣ። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ስንጥቁ ነዳጅ ውስጥ ነው፤ የሚስበውም ነዳጅ ነው። ነዳጁ ወደ ግማሽ ሲወርድ ስንጥቁ ከላይ ይቀራል፣ ሞተሩ አየር ይስባል፣ ይደርቅበታል፣ ይቆማል። ባንኮ ላይ ግማሽ ደርሰን ስለማናውቅ አልታየንም።

ናፍጣ መኪና በቆመ ቁጥር «አየር ስቦ ይሆናል» ብሎ የሚጀምር ጋራዥ ነበር የእኛ። ልጁን አፈላለግኩት፣ አላገኘሁትም። የሚቆጨኝ ክንፉ አይደለም። ሞተሯ ክፉ እንዳልነበረች ሳያውቅ ያ እጅ ከሞተር መራቁ ነው።

እንግዲህ የደወልክልኝ ልጄ፣ ካንዴላውን አንድ ጊዜ ፈትሸው፤ ባትሪ ስትሰጠው ሽቦው ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ከጋለ ተወው። ሞተሩ ሞቆ ባትሪውን ስትነቅል ዙሩ ከወረደ ወይ ካንዴላው ደክሟል ወይ ነዳጅ በዝቷል። ያንተ ግን ሚኒሞ ይዞ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው የሚጠፋ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ከታንኩ ጀምረህ ወደ ሞተሩ ና። ጎማዎቹን ውሃ ውስጥ ንፋቸው። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ወደ ታንኩ ግፊት የሚወስደው ቱቦ አለመላቀቁን እይ። የታንኩ ወገብ ከመርፌው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል። መርፌውን አውጥተህ ቀዳዳውን በሜታኖል እጠበው፤ ያረጀ የጉሎ ዘይት ሙጫ ሆኖ ይደፍነዋል። ከዚያ የሞተሩን የኋላ ክዳን ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያስገባ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ)፣ የካርቡራተሩን የጎማ ቀለበት ተመልከት። ሁሉም ደህና ከሆነ መርፌውን ከፈት አድርግ፤ አንድ ጓደኛህ አውሮፕላኑን ከኋላ አጥብቆ ይያዝና ሙሉ ነዳጅ እየሰጠኸው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቁመው። ድምፁ ጥቂት ቢስልም ከጸና ይበቃዋል፤ ከተንገዳገደ ገና ይጎድለዋል። ታንኩን እስከ መጨረሻው አስጨርሰህ ሞክር፣ በግማሹ እንዳታቆም።

ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሦስት ነገር ለውጦ የዳነ ሞተር በምን እንደዳነ አይታወቅም። እኔ ራሴ ግን አሮጌ ሞተር እጄ ሲገባ ጎማውን ሁሉ ጠቅላላ ነው የምቀይረው። ይጋጫል፣ ግን ጎማ ርካሽ ነው።

የዘንድሮ ልጆች ኤሌክትሮኒክሱን ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ፤ ሬዲዮውን ስታገጣጥሙ ሳይ እደሰታለሁ። ጆሮ ግን አጣሁባችሁ። ሞተሩ እየጮኸ እናንተ ስልክ ላይ መልስ ትፈልጋላችሁ። ቪዲዮ የሠራው ሰውዬ ደብረ ብርሃን አልኖረም፣ የመርፌውን ዙር ሊነግራችሁ አይችልም። «ለምን በባትሪ የሚሠራ አትገዙም» የሚሏችሁም አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይቀላል። ሞተር መማር የሚፈልግ ግን ከዚች የተሻለ መምህር አያገኝም።

ለማብረር ስታስቡ ፈቃድ ጠይቁ፣ ለሰፈሩ ሽማግሌዎችም ቀድማችሁ ተናገሩ። በዚህ ጊዜ በእኛ አገር ከሰማይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ እናቶችን ያስደነግጣል። ፈቃድ ካልተገኘ ሞተሩን ባንኮ ላይ አሥራችሁ ተማሩበት፤ ትምህርቱ አይጎድልም።

ሜታኖሉን ነገር ደግሞ አደራ። በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም፤ እጃችሁ ላይ ተያይዞ ላታዩት ትችላላችሁ። በአፍ ስባችሁ ከጀሪካን እንዳትቀዱ፤ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። መልኩም ሽታውም እንደ አረቄ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስሙ ሳይጻፍበት በጠርሙስ የተቀመጠ ሜታኖል የሰው ነፍስ ያጠፋል። የአረቄ ወይም የውሃ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አታድርጉት፤ ዕቃው ላይ «መርዝ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ቆልፉበት፣ ቁልፉንም ራሳችሁ ያዙ።