በማጣሪያው ሮጠሽ በፍጻሜው ለምትቀመጪው

ከሰሞኑ አንዲት ወጣት ሯጭ ጻፈችልኝ። ለክለቧ የ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ቡድን ተመርጣለች። አሰልጣኟ ግን ከወዲሁ ቁርጡን ነግሯታል። አራተኛ ሆና የምትሮጠው ማጣሪያውን ብቻ ነው። ለፍጻሜው የቡድኑ ፈጣን ሯጭ ትገባለች። "ጋሼ፣ ለሌላ ሰው ሜዳሊያ መንገድ ከምጠርግ ቀርቼ የራሴን 200 ሜትር ብለማመድ አይሻልም?" ትላለች።

ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ሁለት መስመር ጽፌ ልልክላት ቁጭ እንዳልኩ መሸ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚያስቡ ወጣቶችም እዚሁ ልጻፈው።

በወጣትነቴ ከአራቱ የዱላ ቅብብል ሯጮች ሦስተኛው ነበርኩ። ሦስተኛው የሚሮጠው ሁለተኛውን ኩርባ ነው። ዱላውን በቀኝ እጁ ይዞ የመሙን ውስጠኛ መስመር ታክኮ ይሮጣል፤ ከዚያ በአራተኛው ግራ እጅ ላይ ያኖረዋል። ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ደረቱን ሰጥቶ የሚገባውን ነው። ሦስተኛውን ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን ቦታዬን እወደው ነበር።

በዚያ ዓመት አራተኛ ሆኖ የሚለማመደው ልጅ ከሁላችንም ይልቅ ፍጥነት ያንሰዋል። ብቻውን 100 ሜትር ሲሮጥ ለፍጻሜ አይደርስም። አነሳሱ ግን የተለየ ነበር። እሱ ከሚቆምበት በጫማ ለክተን መሙ ላይ የለጠፍነው ምልክት ላይ ስደርስ ይነሳል። ቀድሞ አይነሳም፣ ዘግይቶም አይነሳም። አንዴ ከተነሳ ወደኋላ አይዞርም። "ያዝ!" ስል እጁ ይመጣል፤ የሚመጣበትም ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው።

ሌሎቹ ልምምድ ጨርሰው ሲሄዱ እኛ ሁለታችን እንቀራለን። መጀመሪያ በእርምጃ እንቀባበላለን፤ ቀጥሎ በሶምሶማ፤ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት። ሲመሽ ዱላው እስከማይታይ ድረስ እንለማመድ ነበር። ብዙ አናወራም። ስለ ቤተሰቡ እንኳ የማውቀው ጥቂት ነው። እጁን ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። መዳፉ ወደ ላይ የዞረ፣ አውራ ጣቱ በደንብ የተከፈተ፣ ክንዱ የማይወዛወዝ። በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ ክንድን ሳያወዛውዙ መዘርጋት ከባድ ነው፤ የሞከረ ያውቀዋል።

ማጣሪያውን ከሁሉም ቡድን በተሻለ ሰዓት አለፍን። ሦስቱም ቅብብል አማረልን። ልጁ መስመሩን አልፎ ሲመለስ ዱላውን ለዳኛ መስጠት ረስቶ ይዞት ይዞር ነበር።

በማግስቱ አሰልጣኛችን ስም ሲያነብ አራተኛው ሌላ ሰው ሆነ። በልጁ ቦታ የገባው የ100 ሜትሩ አሸናፊ ነው። ግሩም ሯጭ ነበር፤ እስከ ዛሬም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ከእኛ ጋር ዱላ ነክቶ አያውቅም። ማሟሟቂያው ሜዳ ላይ ጥቂት ሞከርን። "እሱ ፈጣን ስለሆነ ምልክቱ ይቅረብ" ተባለ። በስንት ጫማ እንደሚቀርብ ግን የሚያውቅ የለም፤ በግምት ተለጠፈ። ያ ልጅ ቱታውን ለብሶ ያየናል። አንዴ ጠጋ ብሎ ለአዲሱ፣ "ኩርባው ሲያልቅ ትንሽ ይደክማል፤ ቶሎ እንዳትነሳበት" አለው። ስለ እኔ ነው። እውነቱን ነበር። አዲሱም ራሱን ነቀነቀ። መቼም በፍጻሜ ቀን የሰው ምክር ጆሮ ውስጥ አይገባም።

በእኛ ጊዜ ዱላው ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ ያለበት በ20 ሜትር ክልል ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት ለመንደርደሪያ 10 ሜትር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ደንቡ ተለውጦ 30 ሜትሩ በሙሉ የመቀባበያ ክልል ሆኗል። ማብቂያው መስመር ግን ያው ነው፤ እሱ አይራራም።

ዱላውን ስቀበል ሁለተኛ ነበርን። ኩርባው ላይ መሪውን ደረስኩበት። ምልክቱ ጋ ስቃረብ አራተኛው ተነሳ። ምን ዓይነት ፍጥነት ነበር! ጀርባው እየራቀኝ ሄደ። "ያዝ!" አልኩ። እጁ መጣ፤ ግን ከለመድኩት ከፍ ብሎ። ዱላው ጣቶቹን ነካ እንጂ አልተያዘም። ደግሜ ዘረጋሁ። ያዘው። ሲይዘው ዱላው ከክልሉ ወጥቷል። ደንቡ የሚያየው የሯጩን እግር አይደለም፤ ዱላው ያለበትን ቦታ ነው። እሱ አንደኛ ሆኖ ገባ። ሕዝቡ ይጮሃል። እኔ ደግሞ ከውድድሩ መሰረዛችንን ለማሳወቅ ዳኛው ያነሳውን ባንዲራ አያለሁ።

ማን አጠፋ የሚሉኝ አሉ። እኔ የቻልኩትን ሮጫለሁ፤ እሱም እንደዚያው። የጎደለን ልምምድ ነው፤ ያንን ደግሞ በአንድ ጠዋት አይሞሉትም። የሜዳሊያው ቁጭት ከጊዜ በኋላ ወጣልኝ። የሚቆጨኝ ያ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት ሩጫ ተወ። ስንለያይ "እኔ እኮ የማጣሪያ ሰው ነኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። በኋላ አሰልጣኝ ሆኜ ከእሱ የሚፈጥኑ ብዙ ልጆች በእጄ አልፈዋል። እንደ እሱ የሚነሳ ግን አልገጠመኝም።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ ላይ የጀርመን ሴቶች ማጣሪያውን በ46.4 ሰከንድ፣ በዓለም ክብረ ወሰን አለፉ። ፍጻሜው ላይም እየመሩ ነበር። ሦስተኛዋ ማሪ ዶሊንገር ለአራተኛዋ ለኢልዘ ዶርፌልት ስታቀብል ዱላው ወደቀ። ወርቁን አሜሪካኖች ወሰዱት።

ከአሜሪካኖቹ መካከል ሦስተኛዋ ሯጭ ቤቲ ሮቢንሰን ነበረች። ትንሽ ከመንገዴ ልውጣና ስለ እሷ ልንገራችሁ። ሴቶች በኦሎምፒክ 100 ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጡት በ1928 አምስተርዳም ላይ ነው። ያሸነፈችው እሷ ናት፤ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሆና። በ1931 የተሳፈረችበት ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ ክፉኛ ተጎዳች። ከብዙ ጊዜ በኋላ መራመድ ቻለች፤ ቀጥሎም መሮጥ። ጉልበቷ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። ጉልበቱ ካልታጠፈ ደግሞ በ100 ሜትር መነሻ ላይ እንደ ሌሎቹ ማጎንበስ የለም። በዱላ ቅብብል ግን አጎንብሶ የሚነሳው የመጀመሪያው ሯጭ ብቻ ነው። የቀሩት ቆመው ነው የሚጠብቁት። በዚያች ቀዳዳ ተመለሰች። ከአምስተርዳም ስምንት ዓመት በኋላ በርሊን ላይ ሁለተኛ ወርቋን አጠለቀች። እኔ ይህን ታሪክ ለማሠለጥናቸው ልጆች ሁሉ እነግራለሁ። ዱላ ቅብብል ብቻውን መነሳት ላቃተው ሰው ቦታ አለው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ልጄ። አሜሪካዊቷን ሯጭ ላውሪን ዊሊያምስን ታውቂያት ይሆን? በ2004 አቴንስ ላይ በ100 ሜትር ብር አገኘች። በዱላ ቅብብሉ ፍጻሜ ግን ማሪዮን ጆንስ ልታቀብላት ስትል ክልሉ አለቀባቸው። በ2005 የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2008 ቤጂንግ ላይ አራተኛ ሯጭ ነበረች። ከቶሪ ኤድዋርድስ ስትቀበል ዱላው ወደቀ፤ ያውም በማጣሪያው። ውድድሩ እንደተበላሸ እያወቀች ተመልሳ አነሳችውና ሮጣ ጨረሰች። ያንን ባየሁ ጊዜ ከመቀመጫዬ ተነስቼ አጨበጨብኩላት።

በ2012 ለንደን ላይ የደረሳት ያንቺው ዕጣ ነው። የዓለም ሻምፒዮን የነበረች ሴት ማጣሪያውን ብቻ ትሮጣለች ተባለች። ሮጠች። ዱላውን በሰላም ተቀብላ መስመሩን አለፈች። በማግስቱ ሌሎቹ፣ ማለትም ቲያና ማዲሰን፣ አሊሰን ፊሊክስ፣ ቢያንካ ናይትና ካርመሊታ ጄተር በ40.82 ሰከንድ ገቡ። ከ1985 ጀምሮ የቆየው የምሥራቅ ጀርመን የ41.37 የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ። በኦሎምፒክ ማጣሪያ ለሮጠም ሜዳሊያ ይሰጣል። እሷም የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በሶቺ የክረምት ኦሎምፒክ ቦብስሌድ በሚባለው የበረዶ ውድድር ከጓደኛዋ ጋር ብር ወሰደች። እዚያም ሥራዋ ከኋላ ገፍቶ ማስነሳት ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ሌላውን ለማስነሳት የሠለጠነ እግር መቼም ከንቱ አይቀርም።

ስለ እንቅልፍና ስለ ማሟሟቅ አልነግርሽም፤ ይህን አሰልጣኝሽ ነግሮሻል። ስለ ቁጥር ግን ትንሽ ልበል፤ የዛሬ ወጣቶች ቁጥር ትወዳላችሁና። የጃማይካ ወንዶች በለንደን በ36.84 ሰከንድ ክብረ ወሰን ሲሰብሩ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው 9.21 ነው። ከመካከላቸው አንዱ የነበረው የዩሴን ቦልት የ100 ሜትር የግል ክብረ ወሰን 9.58 ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት ዱላውን የሚቀበሉት እየሮጡ ስለሆነ ነው ሰዓቱ እንዲህ የሚያንሰው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የጃፓን ነገር ነው። በ2016 ሪዮ ላይ አራት ጃፓናውያን በ37.60 ሁለተኛ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ከአራቱ አንዱም 100 ሜትርን ከ10 ሰከንድ በታች ሮጦ አያውቅም ነበር። ዱላውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያቀብሉት፤ ተቀባዩ ክንዱን ብዙ ሳይዘረጋ፣ ሩጫው ሳይበላሽ ይይዛል። ይህን እስኪሰለች ይለማመዱታል። አሜሪካ በአንጻሩ ፈጣን ሰው አጥታ አታውቅም። ሆኖም ወንዶቿ ከ2000 ወዲህ በ4 በ100 የኦሎምፒክ ወርቅ የላቸውም። በ2024 ፓሪስ ላይም መጀመሪያው ቅብብል ላይ ነው የተበላሸባቸው።

የዛሬ ልጆችን ሳይ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ሁሉም አራተኛ መሆን ይፈልጋል። ቡድን ሳዋቅር ኩርባውን ስጡኝ የሚል ልጅ እጅግ ጥቂት ነው። ልምምድ ላይም ጓደኛቸው ዱላ ይዞ እየመጣባቸው ስልክ ላይ የራሳቸውን አነሳስ የሚያዩ አሉ። በሌላ በኩል ከእኛ በብዙ ትሻላላችሁ። እናንተ ትጠይቃላችሁ። እኛ አሰልጣኝ ሲናገር አንገታችንን ደፍተን እንሰማ ነበር። ያ ልጅ ሲቀየር ከመካከላችን "ለምን?" ያለ አልነበረም፤ መጠየቅ የሚባል ነገር በጊዜው አይታሰብም።

200 ሜትርሽን አትተዪ። ለሯጭ የግል ሰዓቱ መታወቂያው ነው። ክለብም፣ አሰልጣኝም፣ የዝውውር ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብትባዪ የግልሽን ምረጪ። ይህን እላለሁ፤ ግን እኔ ራሴ ብቻዬን ከሮጥኳቸው ውድድሮች አንዱንም ያን ፍጻሜ በማስታውሰው ልክ አላስታውስም። ደግሞም አሁን ምረጪ አልተባልሽም። ማጣሪያው የሚወስድብሽ የጥቂት ሰዓት ልምምድ ነው። ለ200 ሜትርሽ የሚሆን ጉልበትም እዚያው ታገኚበታለሽ።

ስለዚህ ሂጂና ሩጪ። ከዛሬ ጀምረሽ ግን ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ አሰልጣኝሽን በአክብሮት ጠይቂው። ፍጻሜውን የምትሮጠዋ ልጅ ከውድድሩ በፊት ከቡድኑ ጋር በሙሉ ፍጥነት እንድትለማመድ ይፍቀድ። ሥራ በዝቶባታል ቢልሽ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል በዪው። ቀጥሎ እሷን ራሷን ፈልጊያት። ምልክትሽ በራስሽ ጫማ ስንት እንደሆነ ንገሪያት። ሦስተኛዋ ኩርባው ሲያልቅ ትፈጥን እንደሆነ፣ ትቀንስ እንደሆነ አስረጃት። "ያዢ" የምትለው በየትኛው እርምጃ ላይ እንደሆነም አሳያት። ይህን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ምናልባት መጀመሪያ ላይ ትኮራብሽ ይሆናል፤ አትቀየሚያት፤ ደግመሽ ንገሪያት።

በፍጻሜው ዕለትም ስፓይክ ጫማሽን ይዘሽ ሂጂ። ከአራቱ ጋር እኩል አሟሙቂ። ማሟሟቂያ ሜዳ ላይ ጡንቻ የሚሸማቀቀው ሳይታሰብ ነው፤ ያኔ የሚፈለገው ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። ለማጣሪያ ሯጮች ሜዳሊያ ይሰጥ አይሰጥ እንደሆነም የውድድራችሁን ደንብ አስቀድመሽ አንብቢ፤ የሚሰጥ ከሆነ ያንቺን ሳትቀበዪ እንዳትወጪ። የማጣሪያው ሰዓታችሁ ሲለጠፍ ደግሞ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።