ወጌሻው ሳበኝ፣ ትከሻዬ ባሰበት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ስኳር ካለብኝ 9 ዓመት ሆኖኛል። ቀኝ ትከሻዬን ማመም ከጀመረኝ 5 ወር አለፈ፣ ብርድ ነው ብዬ ችላ አልኩት። አሁን ፀጉሬን ማበጠርም ሆነ የጡት መያዣዬን ከኋላ መቆለፍ አቅቶኛል። ሌሊት በዚያ ጎን ከዞርኩማ እንቅልፍ የለም። ወጌሻ ጋ ሄጄ በቅቤ አሸኝ፣ ከዚያ እጄን ወደ ላይ ሲስበው እሪ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ባሰብኝ። ጎረቤቶቼ «መጀመሪያ ያማል፣ ድገሚው» ይሉኛል። ልድገመው?

መልስ፦ መሳቡን አይድገሙት። መታሸቱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ።

ሳላይዎት እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ የነገሩኝ ግን «ፍሮዝን ሾልደር» የምንለውን የታሰረ ትከሻ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል፣ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል፣ ስኳር ያለበትን ሰው ደግሞ በተለይ ይወዳል። ብርድ አይደለም። የትከሻውን መገጣጠሚያ የሚሸፍን ስስ ከረጢት አለ፤ እሱ ይቆጣና ይወፍራል፣ ከዚያ ታጥቦ እንደጠበበ ሹራብ ይኮማተራል። ሹራቡን በኃይል ቢጎትቱት ይተረተራል እንጂ አይሰፋም። ወጌሻው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ውልቃት መስሎት ይሆናል። ግን የወለቀ ነገር ከሌለ ምኑ ይመለሳል?

አሁን ወደ ማሸቱ። መስታወት ፊት ቆመው እጅዎን ቀስ ብለው ያንሡ። ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ሽቅብ ወጣ? እጁ አልነሣ ሲል ከአንገት እስከ ትከሻ ያለው ጡንቻ ነው የሚያግዘው፣ እሱም ቀን ሙሉ ሲደክም ውሎ እንደ ገመድ ይከራል። መታሸት ያለበት እሱ ነው። መጀመሪያ ለ10 ደቂቃ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ያድርጉበት፤ ስኳር ስሜት ሊቀንስ ስለሚችል ሙቀቱን ሌላ ሰው ይሞክርልዎ። ከዚያ ልጅዎ ወይም እህትዎ በመዳፍ ከማጅራት ወደ ትከሻ ደጋግማ ታንሸራት፣ ቀጥሎ ሊጥ እንደሚታሽ በአውራ ጣትና በጣቶቿ ይዛ ትሽ። የቋጠረ ቦታ ስታገኝ በአውራ ጣት ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭና ትልቀቅ። ጥርስ የሚያስነክስ ከሆነ በዝቷል። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን እጅ ያንሸራትታል እንጂ ከረጢቱ ጋ አይደርስም።

ትከሻው እንደሞቀ ወዲያው ያንቀሳቅሱት፤ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ግራ እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው ጎንበስ ይበሉ፣ ቀኝ እጅዎ ዝም ብሎ ይንጠልጠል፣ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ለ1 ደቂቃ ያወዛውዙት። ከዚያ በጣቶችዎ ግድግዳውን ሽቅብ እየቧጠጡ ይውጡ፣ የደረሱበትንም በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። በቀን 3 ጊዜ ይበቃል። ከጨረሱ በኋላ ሕመሙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ለነገው ቀነስ ያድርጉት።

ዋሽቼ በሳምንት ይድናሉ አልልዎትም። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል፣ ግን በአብዛኛው ይለቃል። ፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴውን ለመመለስ ይረዳል፤ በጊዜው የሚሰጥ የመገጣጠሚያ መርፌም ሕመሙን ያስታግሳል። መርፌው ስቴሮይድ ስለሆነ ለጥቂት ቀናት ስኳርዎን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ ስለዚህ የስኳር ታካሚ መሆንዎን አስቀድመው ይንገሩ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከፋርማሲ ገዝተው እንደፈለጉ አይውሰዱ፣ ስኳርና እነዚህ መድኃኒቶች ተደማምረው ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

እጅዎ በኃይል ስለተሳበና ስለባሰብዎ ማሸቱንም እንቅስቃሴውንም ከመጀመርዎ በፊት ራጅ ይነሡ። እብጠት፣ የበለዘ ቦታ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ጣትዎ ከደነዘዘ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ። ደረት የሚያፍን፣ ላብ የሚያመጣ የክንድ ሕመም ከመጣ ግን ይህ የትከሻ ጉዳይ ላይሆን ይችላል፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐኪሙ ጋ ሲገቡ ወጌሻ ጋ መሄድዎን አይደብቁ። ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቃል፣ እኛም «ምን ነካው?» እያልን በግምት እንዳክራለን።