የደመወዝ ጣሪያ የክለቦችን ወጪ ይገታል ወይ? የሚገታው ምዝገባው ላይ ሲቆም ነው

ጠያቂያችን፣ «የተጫዋቾች ደመወዝ ላይ ጣሪያ ቢጣል ክለቦች ከዕዳ ይወጣሉ ወይ? አሜሪካኖቹ የቻሉትን ነገር እግር ኳሱ ለምን አቃተው?» ብለሃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ግን የተለያዩ የጣሪያ ዓይነቶችን አንድ ላይ ስለሚቀላቅሉ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ወጪን መግታት ይቻላል። የሚቻለው ግን አንድ ቁጥር ጽፎ «ከዚህ በላይ አይከፈልም» በማለት አይደለም። ጣሪያው ከክለቡ ገቢ ጋር መታሰር አለበት፤ ከደመወዝ ውጭ ለተጫዋች የሚወጣውን ሁሉ መቁጠር አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጫዋቹ ከመመዝገቡ በፊት መጣራት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚከተል በተለያዩ አገሮች ታይቷል።

ብዙ ሰው «የደመወዝ ጣሪያ» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት በነፍስ ወከፍ የሚጣለው ነው። እንግሊዝ ከ1901 እስከ 1961 ሠርታበታለች። ሲጀመር በሳምንት 4 ፓውንድ ነበር፣ ሲነሳ 20 ፓውንድ። በእነዚያ 60 ዓመታት ተጫዋቹን አጥብቆ የሚፈልግ ባለሀብት እስካለ ድረስ ገንዘቡ በጓሮ በር ይገባ ነበር። ሰንደርላንድ በ1957 ከተፈቀደው በላይ ሲከፍል ተደርሶበት 5,000 ፓውንድ ተቀጣ። በዚያው ዓመት ጆን ቻርልስ በ65,000 ፓውንድ ከሊድስ ወደ ዩቬንቱስ ሄደ፤ ጣሊያን ውስጥ እንዲህ ያለ ገደብ አልነበረበትም። በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር አድማ እንደሚመታ ካስጠነቀቀ በኋላ በጃንዋሪ 1961 ጣሪያው ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ የሚከፈለው የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ከ20 ወደ 100 የተዘለለው በአንድ ሌሊት በተፈጠረ ገንዘብ አይደለም፤ ተጫዋቹ የሚያወጣው ዋጋ ድሮም ከጣሪያው በላይ ነበር።

ቻይናም ይህንኑ መንገድ ሞክራለች። በዲሴምበር 2020 የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ለአንድ የውጭ ተጫዋች በዓመት 3 ሚሊዮን ዩሮ፣ በአንድ ክለብ ላሉ የውጭ ተጫዋቾች በድምሩ 10 ሚሊዮን ዩሮ፣ ለአንድ የአገር ውስጥ ተጫዋች 5 ሚሊዮን ዩዋን ጣሪያ አወጣ። የ2020 ሻምፒዮኑ ጂያንግሱ በፌብሩዋሪ 2021 ሥራ አቆመ። የስምንት ጊዜ ሻምፒዮኑ ጓንግዡም በጃንዋሪ 2025 ፈረሰ። ጣሪያው ነገ የሚፈረመውን ውል ያሳንሳል እንጂ ትናንት የተፈረመውን ዕዳ አይከፍልም። ክለቡ በባለቤቱ ኪስ ብቻ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

አሁን ወደ አሜሪካኖቹ። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል ጣሪያውን በ1994 በ34.6 ሚሊዮን ዶላር ጀመረ፤ በ2025 279.2 ሚሊዮን ደርሷል። ቁጥሩ እያደገ የመጣው ከሊጉ ገቢ ለተጫዋቾች በሚደርሰው ድርሻ ስለሚሰላ ነው፣ ድርሻውም ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በተፈረመ የጋራ ስምምነት ይወሰናል። ማንም አይወርድም፣ ማንም አያድግም። የአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ገንዘቡ እኩል ይከፋፈላል። አንድ ተጫዋች ጣሪያው ቢያስከፋው ተመሳሳይ ደመወዝ የሚከፍል ሌላ ሊግ የለውም። የአውሮፓ እግር ኳስ ከእነዚህ አንዱም የለውም። አንድ አገር ብቻውን ጣሪያ ቢጥል ተጫዋቹ ድንበር ይሻገራል፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1995 ከሰጠው የቦስማን ውሳኔ ወዲህ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ዝውውር ክፍያ ስለሚሄድ ይህ ይበልጥ ቀሏል።

እዚያው አሜሪካ ያለው የእግር ኳስ ሊግ፣ ኤምኤልኤስ፣ ጣሪያ አለው፤ የተጫዋቾቹ ውል የሚፈረመውም ከሊጉ ጋር ስለሆነ ለመቆጣጠር እጅግ ይመቻል። ቢሆንም በ2007 ቤካም ሲመጣ በር መክፈት ግድ ሆነበት። አንድ ክለብ እስከ 3 ልዩ ተጫዋቾች መያዝ ይችላል። በ2024 የአንድ ቡድን የደመወዝ በጀት 5.47 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ልዩ ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢከፈለው በጀቱ ላይ የሚቆጠርበት ቢበዛ 683,750 ዶላር ነበር፤ ቀሪውን ክለቡ ከኪሱ ይሸፍናል። ሜሲ በ2023 ወደ ማያሚ የገባው በዚህ በር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ለጠቅላላው ቡድን አንድ ቋሚ ቁጥር መጣል ነው። በኦገስት 2019 በሪ የተባለው ክለብ በገንዘብ ቀውስ ከእንግሊዝ ሊግ ከተባረረ በኋላ፣ በኦገስት 2020 ሦስተኛው እርከን (ሊግ ዋን) 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ አራተኛው (ሊግ ቱ) 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ጣሪያ አጸደቁ። ደመወዝ፣ ቦነስና የወኪል ክፍያ ይቆጠሩ ነበር፤ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ተጫዋቾች አይቆጠሩም። በፌብሩዋሪ 2021 የግልግል ጉባኤ ሻረው፤ ምክንያቱም የተጫዋቾች ማኅበር በአግባቡ ሳይመከርበት መውጣቱ ነበር። ከሕግ ጉዳዩ ባሻገር የአሠራር ችግሩ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። 30,000 ሰው ስታዲየም የሚያስገባውና 4,000 የሚያስገባው ክለብ በአንድ ቁጥር ይታሰራሉ። ትልቁ ክለብ ያገኘውን ማውጣት አይችልም። ትንሹ ክለብ ደግሞ ገቢው ከጣሪያው ቢያንስም «እስከዚህ ተፈቅዷል» ብሎ ይበደራል፤ ቋሚ ቁጥር ለድሃው ክለብ ገደብ መሆኑ ቀርቶ ግብ ይሆንበታል። ክለቦቹ በኋላ የተመለሱት ወደ ቀድሞው የመቶኛ ሥርዓት ነው፦ ሊግ ዋን ከገቢ 60%፣ ሊግ ቱ 50%።

እኔ የምደግፈውም ይህንን ነው፣ ጣሪያን በገቢ መቶኛ ማሰርን። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ በ2022 ያወጣው ደንብ የቡድን ወጪን በ2023/24 በ90%፣ በ2024/25 በ80%፣ ከ2025/26 ጀምሮ በ70% ገድቧል። ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። የክለቡ ገቢ 200 ሚሊዮን ዩሮ፣ ከተጫዋች ሽያጭ ያገኘው የተጣራ ትርፍ 30 ሚሊዮን ይሁን፤ ድምሩ 230፣ 70%ው 161 ሚሊዮን ነው። በወጪ በኩል የተጫዋቾችና የዋና አሠልጣኙ ደመወዝ 120፣ የዝውውር ክፍያ የዓመቱ ድርሻ 35፣ የወኪሎች ክፍያ 10፤ ድምር 165 ሚሊዮን። ደመወዙን ብቻ ያየ ሰው ከገቢው 60% ነው ብሎ ይረጋጋል፣ ክለቡ ግን ጣሪያውን በ4 ሚሊዮን አልፏል። «ደመወዝን ብቻ ገድቡ» የሚለውን ሐሳብ የምቃወመው ለዚህ ነው፤ ደመወዙ ሲታሰር ገንዘቡ ወደ ፊርማ ክፍያ፣ ወደ ምስል መብትና ወደ ወኪል ይሸሻል።

መቶኛውም የራሱ ቀዳዳ አለው። የዝውውር ክፍያ በሒሳብ መዝገብ ላይ ለውሉ ዓመታት ይከፋፈላል፤ 100 ሚሊዮን ለ5 ዓመት በዓመት 20 ሚሊዮን ሲሆን ለ8 ዓመት 12.5 ሚሊዮን ይሆናል። ቼልሲ በጃንዋሪ 2023 ሙድሪክን ለስምንት ዓመት ተኩል አስፈረመ፤ ዩኤፋ በዚያው ዓመት ክፍፍሉን በ5 ዓመት ገደበው፣ ፕሪሚየር ሊጉም ተከተለ። ገቢን ማሳበጥም አለ። ቼልሲ ሁለት ሆቴሎቹን በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለእህት ኩባንያ ሸጠ፤ ፕሪሚየር ሊጉ ሽያጩን ተቀበለው፣ ዩኤፋ ግን እንዲህ ያለውን ገቢ አይቆጥርም። በጁላይ 2025 ዩኤፋ ክለቡ ላይ የ31 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። በአካዳሚ ያደገ ተጫዋች ሲሸጥ ደግሞ መዝገብ ላይ የቀረ ዋጋ ስለሌለው ዋጋው ሙሉ በሙሉ ትርፍ ይሆናል። ወጪን ሊገታ የወጣ ደንብ ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን እንዲሸጡ መግፋቱ ያሳዝነኛል፤ ሊታረም የሚገባው ቅድሚያ ይህ ይመስለኛል።

ከስሌቱ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን ማጣሪያው መቼ እንደሚደረግ ነው። የእንግሊዙ ፕሪሚየር ሊግ በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ ይፈቅድ ነበር፣ የሚጣራውም ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ኤቨርተን እስከ 2021/22 ባለው ጊዜ 124.5 ሚሊዮን ከስሮ ተገኘ፣ በ19.5 ሚሊዮን አልፏል ማለት ነው። በኖቬምበር 2023 10 ነጥብ ተቀነሰበት፣ በይግባኝ ወደ 6 ወረደ። ልብ በሉ፣ በ2021/22 ኤቨርተን በ39 ነጥብ ሊጉ ላይ ሲቆይ በርንሊ በ35 ነጥብ ወርዷል። ነጥቡ የተቀነሰው ግን በ2023/24 ነው። በሌላ የውድድር ዘመን የሚመጣ ቅጣት ለወረደው ክለብ ምን ይፈይድለታል?

ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ የሆነው ደግሞ የቀን ጉዳይ ነበር። ከሦስቱ ዓመታት ሁለቱን በታችኛው ሊግ ስላሳለፈ የተፈቀደለት 61 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ በ34.5 ሚሊዮን አለፈው። ብሬነን ጆንሰንን ለቶተንሃም የሸጠው በሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ሲሆን ሒሳቡ የተዘጋው ጁን 30 ላይ ነበር። ክለቡ ጠብቆ የተሻለ ዋጋ እንዳገኘ ተከራከረ፤ ተቀባይነት አላገኘም፣ 4 ነጥብ ተቀነሰበት። በጁን ማለቂያ ክለቦች በጥድፊያ ሲሻሻጡ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስፔን ከ2013 ጀምሮ የተከተለችው መንገድ ተቃራኒ ነው። ላሊጋ ለእያንዳንዱ ክለብ ከሚጠበቀው ገቢ ላይ ከቡድኑ ውጭ ያሉ ወጪዎችንና የዕዳ ክፍያን ቀንሶ፣ የቀረውን የቡድኑ ወጪ ጣሪያ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ የሆነ ውል መፈረም ይቻል ይሆናል፣ ተጫዋቹ ግን አይመዘገብም፤ ካልተመዘገበ አይሰለፍም። ጣሪያውን ያለፈ ክለብ ካዳነው ላይ የተወሰነውን ብቻ እንዲያወጣ ይፈቀድለታል፤ በአንድ ወቅት ስሌቱ 4 ዩሮ ላዳነ 1 ዩሮ ነበር። በኦገስት 2021 ሜሲ ከባርሴሎና የወጣው በዚህ አጥር ምክንያት ነው። የክለቡ ፕሬዚዳንት ላፖርታ በወቅቱ እንዳስረዱት የደመወዝ ወጪው ከሜሲ ጋር ከገቢው 110%፣ ያለ እሱም 95% ነበር። በዓለም ላይ ካሉ ተጫዋቾች ታላቁን ለማስቀረት እንኳ በሩ አልተከፈተም። ቁጥጥር የምለው ይህንን ነው። በእርግጥ ባርሴሎና በ2022 የሊግ ቴሌቪዥን ገቢውን 25% ለ25 ዓመት ሸጦ ክፍተቱን ሞልቷል፤ የአንድ ጊዜ ሽያጭን እንደ መደበኛ ገቢ መቁጠር የነገውን ክለብ ለዛሬው ማስያዝ ስለሆነ ደንቡ ላይ በግልጽ መከልከል አለበት።

አንድ ነገር ግን አትጠብቁ። የመቶኛ ጣሪያ ክለቦችን እኩል አያደርግም። 700 ሚሊዮን የሚያስገባ ክለብ 490 ያወጣል፣ 100 የሚያስገባው 70፤ ልዩነቱ እንዲያውም ይጸናል። ለዚህ ተብሎ እንግሊዝ ውስጥ የትልቁ ክለብ ወጪ የመጨረሻው ክለብ ከቴሌቪዥን ከሚያገኘው ጋር በብዜት እንዲታሰር ሐሳብ ቀርቦ በኖቬምበር 2025 ድምፅ አላገኘም፤ የ85% የቡድን ወጪ ደንብ ግን ለ2026/27 ጸድቋል። መቀራረብን የሚያመጣው የቴሌቪዥን ገንዘብ አከፋፈል ነው፣ እሱን በደመወዝ ጣሪያ መተካት አይቻልም።

ደንብ ለማርቀቅ ወይም ለመተቸት የሚፈልግ ሰው የሚከተሉትን ይመልከት። ቁጥሩ ከግብር በፊት መሆን አለበት፦ ተጫዋቹ «እጄ ላይ 2 ሚሊዮን ይድረሰኝ» ሲል ግብሩ 45% ከሆነ ለክለቡ 3.64 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቦነስ ሁሉ ከተሳካ ስንት እንደሚሆን ተሰልቶ ይያዝ፤ በዝቅተኛው ግምት የተያዘ በጀት ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥር ይፈርሳል። በውሰት የሄደ ተጫዋች የሚከፈለው ድርሻ፣ ውሉ ለፈረሰ የሚሰጠው ማካካሻ፣ ስፖንሰሩ ወይም የባለቤቱ ሌላ ኩባንያ ለተጫዋቹ የሚከፍለው ሁሉ ይቆጠር። በእንግሊዝ ራግቢ ሳራሰንስ የተባለው ክለብ ባለቤቱ ከተጫዋቾች ጋር በሽርክና ያቋቋማቸው ኩባንያዎች ጣሪያው ውስጥ ተቆጥረው 35 ነጥብና 5.36 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል፣ በመጨረሻም ወርዷል።

ነባር ውሎችን በአንድ ቀን ማፍረስ ስለማይቻል ከ2 እስከ 3 ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ይኑር፤ ዩኤፋ 90፣ 80፣ 70 እያለ የወረደው ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ አዲስ ውል ላይ ደግሞ ክለቡ ሲወርድ ደመወዙ የሚቀንስበት አንቀጽ ግዴታ ይሁን። ገቢው 100 ሚሊዮን፣ የቡድን ወጪው 70 ሚሊዮን የሆነ ክለብ ወርዶ ገቢው 45 ሲሆን፣ ውሎቹ ካልተነኩ በ70% የተመሰገነው ክለብ በአንድ ክረምት ከ150% በላይ ይገባል። ወጪው በ40% የሚቀንስ ቢሆን እንኳ 42 ሚሊዮን፣ ማለትም 93% ላይ ነው፤ ገና 10 ሚሊዮን ተኩል ያህል ወጪ ተጫዋች ሸጦ መቀነስ ይቀረዋል፣ ያንንም ገዢ ሁሉ ችግሩን እያወቀ በሚደራደርበት የዝውውር መስኮት ነው የሚሸጠው።