ማታ አምስት ሰዓት ላይ የሚመጣው ረሃብ

የተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። 47 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከእናቴ ነው። በስኳር በሽታ ዓይኗ ደክሞ፣ የእግሯ ቁስል አልድን ብሎ ለዓመታት አስታምሜያታለሁ። እርሷን ከቀበርን በኋላ ስመረመር የደም ግፊቴ ከፍ ማለት መጀመሩ ተነገረኝ። ክብደቴ 84 ኪሎ ነበር፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። የእናቴ መንገድ ከፊቴ ተዘርግቶ ታየኝ። በዚያው ሳምንት ጂም ተመዘገብኩ።

አሁን በሳምንት አራት ቀን ከሥራ መልስ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክብደት አነሳለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሳምንታት 8 ኪሎ ቀንሼ 76 ገባሁ። ደስ ያሰኘኝ ሚዛኑ ብቻ አይደለም። ውኃ በሚጠፋበት ቀን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳላርፍ እወጣለሁ፤ ድሮ በየፎቁ እያስቀመጥኩ፣ እየተቀመጥኩ ነበር የምወጣው። ይህን ማጣት አልፈልግም።

ችግሬ ረሃብ ነው። እንዲህ ያለ ረሃብ ነፍሰ ጡር በነበርኩበት ጊዜ እንኳ አላውቅም። አሰልጣኜ በቀን ከ1,200 ካሎሪ እንዳላልፍ ነግሮኛል። ጠዋት ያለ ስኳር ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። ምሳዬ ሰላጣና ግማሽ ዳቦ፣ እራቴ የአትክልት ሾርባ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፤ ስፖርቱን ግን በነዚያም ቀናት አልተውም። ቀን ቀን እችለዋለሁ። ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ኩሽና ገብቼ መብራት ሳላበራ ከመሶቡ እንጀራ እየቆረስኩ የተረፈውን ወጥ ከድስቱ እበላለሁ። ቆሜ ነው የምበላው። አንድ ሌሊት ልጄ ውኃ ልትጠጣ ገብታ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ላለፉት አራት ሳምንታት ሚዛኑ አልተንቀሳቀሰም። አሰልጣኜ «የሚርብሽ ስቡ እየነደደ ስለሆነ ነው፤ ቻይው» ይለኛል። አማቴ ደግሞ ባዩኝ ቁጥር «ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» እያሉ ከቆጮ የሚሠራውን ቡርሳሜ ቅቤ አፍስሰውበት በሻፌታ፣ በሸክላው ዕቃ፣ ያቀርቡልኛል። ፈንዲሻውን ፈርቼ ጎረቤት ቡና መጠጣት ትቻለሁ። ሌሊት ሰውነቴ በላብ ተነክሮ እነቃለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ የለም። ሆዳም ሆንኩ ወይስ ዕድሜዬ ነው? ይህ ረሃብ አንድ ቀን ይቆማል ወይስ ዕድሜ ልኬን ልታገለው ነው?

ከታቦር ተራራ ሥር

መልስ

እኅቴ፣

በመጀመሪያ ስለ እናትዎ እግዚአብሔር ያጽናዎ።

በጨለማ ኩሽና ውስጥ ቆመው የሚበሉት እንጀራ ሆዳምነት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የተነፈገ ሰውነት ማታ ዕዳውን ሲያስከፍል ነው። የሒሳብ መምህርት ነዎትና በሒሳብ ላሳይዎ።

76 ኪሎ የምትመዝን፣ 1 ሜትር ከ62 የሆነች የ47 ዓመት ሴት ቀኑን ሙሉ ከአልጋዋ ሳትወርድ ብትውል እንኳ፣ ልቧ እንዲመታና ሳንባዋ እንዲተነፍስ ብቻ በግምት 1,380 ካሎሪ ያስፈልጋታል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በክብደት፣ በቁመትና በዕድሜ የሚያሰሉበት ቀመር አለ፤ የእርስዎን ቁጥሮች አስገብቼ ያገኘሁት ነው። እርስዎ ደግሞ አልጋ ላይ አይውሉም። ቆመው ያስተምራሉ፣ ሦስት ፎቅ ይወጣሉ፣ በሳምንት አራት ቀን ክብደት ያነሳሉ። ሁሉ ሲደመር በቀን ከ2,000 ካሎሪ ትንሽ ያልፋል። ለዚህ ሰውነት 1,200 ሲሰጡት በየቀኑ 850 ያህል ይጎድልበታል። የተሰጠዎ ቁጥር ተኝቶ ለሚውል ሰውነት እንኳ አይበቃም! አሰልጣኙ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ «ቻይው» ማለቱ ግን አሳዝኖኛል። ረሃብ ለስብ መንደድ ምስክር አይሆንም። ሰው ሳይራብም ስቡ ይቀንሳል፤ ክፉኛ ሲራብ ደግሞ ያ ጀሪካን ያሸከመዎት ጡንቻ ራሱ ይበላል።

ሚዛኑ የቆመበት ምክንያትም ከዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። ቀን 1,200፣ ሌሊት በመሶቡ ዙሪያ 700 ወይም 800 ሲጨመርበት ሰውነትዎ ከሚፈልገው ጋር እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የሚሠራ ጡንቻ ውኃ ስለሚይዝም የሚቀንሰው ትንሽ ስብ ሚዛን ላይ አይታይም። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል በሚዛን ፋንታ የወገብዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ።

«ዕድሜዬ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። በከፊል ነው፤ ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰውነት መጠን ከግምት ከገባ፣ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም አይለወጥም። በ47 ዓመትዎ ምድጃዎ አልጠፋም። የሚለወጠው ሌላ ነው። ጡንቻ ካልተሠራበት ከ30 ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። የወር አበባ መቋረጫው ዘመን ሲቃረብ ደግሞ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሌሊቱ ላብና የእንቅልፍ መቆራረጥ በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የሚመጣ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በነጋታው ይበልጥ ይርበዋል፤ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው። ስለዚህ መኝታ ቤትዎን ቀዝቀዝ ያድርጉ። ላቡ እንቅልፍ መንሳቱን ከቀጠለ ለማኅፀን ሐኪም ይንገሩ፤ ሕክምና ያለው ነገር ነውና ዝም ብለው አይሸከሙት።

አሁን ወደ መሶቡ እንምጣ። የቀን ምግብዎን ወደ 1,600 ወይም 1,700 ከፍ ያድርጉ። ቅነሳው ይዘገያል፤ በወር አንድ ኪሎ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ቢሆን ለእኔ በቂ ነው። ከቁጥሩ በላይ የምለምንዎ ግን ምግቡን ከሌሊት አንሥተው ወደ ጠዋት እንዲያመጡት ነው።

ቁርስ ይብሉ። ሻይ ቁርስ አይደለም። ሁለት እንቁላል ከአንድ ሳህን ፉል ጋር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ፕሮቲን ደግሞ በጣም የሚያጠግብና ክብደት በሚቀንስ ሰው ላይ ጡንቻን የሚጠብቅ ነው። በቀን ከ90 እስከ 110 ግራም ቢያገኙ ለእርስዎ ክብደት ይበቃል። አሁን የሚበሉት ሰላጣ፣ ሾርባና ግማሽ ዳቦ 30 ግራም መሙላቱን እጠራጠራለሁ። ምሳ ላይ ወፈር ያለ ምስር ወጥ በእንጀራ ይብሉ፤ እንጀራ ጠላትዎ አይደለም። ከስፖርቱ በፊት፣ 10 ሰዓት ላይ፣ አንድ ሙዝና አንድ እፍኝ የተቀቀለ ሽምብራ ይቅመሱ። ባዶ ሆድ ክብደት ያነሳ ሰው ማታ ድስት ቢያሳድድ ምን ይገርማል?

ለእራት ደግሞ የምትኖሩባት ከተማ የሰጠቻችሁን አስቡ። አሞራ ገደል ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ በዓይናችሁ ፊት ይበለታል። 150 ግራም የበሰለ ቆሮሶ ከ35 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው፤ ስቡ ጥቂት ነው። እዚያው በዘይት ተጠብሶ የሚበላው ጣፋጭ ነው፤ እኔም ሐዋሳ ስመጣ አልፈውም። ለዘወትር ግን ገዝተው ወደ ቤት ይውሰዱና በቲማቲምና በቃሪያ ጉላሽ ይሥሩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ወጥ ሲሠራ ማንም አይለካውም።

ከዓሣው ጎን የተቀቀለ ድንች ያድርጉ። «ድንች ያወፍራል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዋ ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ 38 ምግቦችን እኩል ካሎሪ እንዲኖራቸው አድርገው ለሰዎች አብልተው የትኛው ይበልጥ እንደሚያጠግብ ለክተዋል። ነጭ ዳቦ 100 ሲሰጠው የተቀቀለ ድንች 323 አግኝቶ ከሁሉም በለጠ፤ ዓሣ 225 አገኘ። ይህን ስጽፍልዎ ደስ የሚለኝ ድንች በጾምም የሚበላ ስለሆነ ነው።

ስለ ጾሙ፣ እምነትዎን እንዲያላሉ አልመክርዎትም። ስፖርቱን ግን ያዛውሩ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ያነሱ፣ አራተኛውን ቀን ከፈለጉ እሑድ ያድርጉት። ረቡዕና ዓርብ ሐይቁን ይዘው በእግር መሄድ ይበቃል። 9 ሰዓት ላይ ሲፈቱ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በደንብ ይብሉ እንጂ በሰላጣ አይፍቱ። በጾም ዓሣ መብላት አለመብላት ከንስሐ አባትዎ ጋር የሚነጋገሩበት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55ቱን ቀን ክብደት ለመቀነስ አይሞክሩ፤ ያሉበትን መጠበቅ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ወደ ቡናው ይመለሱ፣ እባክዎ። ስኳርና ብዙ ዘይት የሌለበት አንድ እፍኝ ፈንዲሻ እዚህ ግባ የሚባል ካሎሪ የለውም፤ ጎረቤት ማጣት ግን ከባድ ነው። የከሰዓት በኋላ ቡና ከሆነ ከአቦሉ አይለፉ፤ ቶናና በረካው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዎታል።

አማትዎ የሚያቀርቡልዎን ቡርሳሜም ጥቂት ይብሉላቸው። ቆጮ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፣ ቅቤውም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ወስደው ወተት ወይም አይብ ይጨመርልኝ ይበሉ። እርሳቸው መክሳት በሽታ በሆነበት ዘመን ያደጉ ሴት ናቸው፤ የሚናገሩት ከፍቅር ነው። አንድ ቀን ቤት ሲመጡ ጀሪካኑን አንሥተው ደረጃውን ይውጡላቸው። ከቃል ይልቅ ያ ያሳምናቸዋል።

ይህን ሁሉ አድርገው ረሃቡ ይቆም ይሆን? እውነቱን ልንገርዎ፤ በጣም ይቀልላል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ሰውነት ስብ ሲቀንስ ጥጋብን የሚናገረው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ዝቅ ይላል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በዐሥር ሳምንት እጅግ አነስተኛ ምግብ ክብደት የቀነሱ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላም ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞው እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ስለዚህ ረሃቡ የባሕርይ ድክመት ሳይሆን ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። እንዳይቸኩሉ የምለምንዎም ለዚህ ነው። አምስት ወይም ስድስት ኪሎ በቀነሱ ቁጥር ለጥቂት ሳምንታት ቅነሳውን ያቁሙ፣ ጠግበው ይብሉ፣ ክብደት ማንሳቱን ብቻ ይቀጥሉ።

አንድ ነገር ግን አያዘግዩ። የደም ግፊትዎ እንደተለካ ጽፈዋል፤ የደም ስኳርዎ ስለመለካቱ ግን ምንም አላሉም። የእናትዎን ሕመም እያወቅሁ ይህን ሳልጠይቅ ላልፍ አልችልም። በዚህ ሳምንት ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ሄደው ይለኩ። ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ተለክቶ ሕክምና ይጀመራል። ከረሃቡ ጋር ጥማትና ሽንት ማብዛት ካለ፣ ወይም ልብዎ በፍጥነት እየመታ፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ሙቀት የማይስማማዎ ከሆነ ሳምንቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ የእንቅርት ዕጢ ምርመራም ይጠይቁ። የኩላሊት ምርመራም በዚያው ያሠሩ፤ ችግር ካለ የፕሮቲኑን መጠን ሐኪሙ ይወስን።

ለሦስት ሳምንታት ቀን ቀን ጠግበው እየበሉም ያ የሌሊቱ መብላት ከቁጥጥርዎ ውጭ ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት፤ የሚታከም ነገር ነው። ለልጅዎ ደግሞ ዛሬ ማታ ንገሯት። «ቀን ሳልበላ እየዋልኩ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ቁርስ አብረን እንበላለን» ይበሏት፤ እንቁላሉን እርሷ ትጥበሰው።