የዳንቴ ሰይጣን ለምን በበረዶ ውስጥ ሆነ?

ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ስለ ሲኦል በጻፈው ግጥም ውስጥ በረዶውን የሚሠራው ሰይጣኑ ራሱ ነው። «ሲኦል እሳት ከሆነ ዳንቴ ሰይጣንን ለምን በበረዶ ውስጥ አስቀመጠው?» ብለው ለጠየቁት፣ የግጥሙ ሠላሳ አራተኛ መዝሙር (ምዕራፍ) ላይ ክንፎቹን ልብ ብለው ይመልከቱ። ስድስት ናቸው፤ የሌሊት ወፍ ክንፍ ይመስላሉ። ሲያራግባቸው የሚነሣው ነፋስ በሲኦል ግርጌ ያለውን ሐይቅ ያቀዘቅዘዋል፤ እርሱም እስከ ደረቱ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ከእግዚአብሔር ፍቅር እጅግ የራቀው ስፍራ ሙቀት የለውም።

ሦስት ፊት አለው፤ በሦስት አፉ ይሁዳን፣ እንዲሁም ዩልዮስ ቄሳርን ከድተው የገደሉትን ብሩተስንና ካሲየስን ያኝካል፤ በስድስት ዓይኑ ያለቅሳል፤ እንባው ከደም አረፋ ጋር በአገጮቹ ይወርዳል። አንዲት ቃል ግን አይናገርም። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ዳንቴ ከሦስቱ ፊቶች ጥቁሩን አባይ ከሚወርድበት አገር ሰዎች መልክ ጋር ያመሳስለዋል። አብረውኝ ያነበቡ አበሾች እዚህ ሲደርሱ ተቆጥተው መጽሐፉን ሲዘጉ አይቻለሁ። ቁጣቸው ይገባኛል። ሆኖም ቀዩንና ወደ ቢጫ የሚያደላውን ፊትም አብረው ያንብቡ፤ ሦስቱ በአንድ ራስ ላይ የተደረጉት የሥላሴ ተቃራኒ እንዲሆኑ ነው።