ፍላሹን ከአውቶ አውጪው

ከባሕር ዳር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ ስታጪ አንድ ፎቶ ቤት በረዳትነት ገብተሻል። ባለፈው ጥር ባለቤቱ ሁለተኛውን ካሜራ ሰጥቶሽ ሰርግ አነሳሽ። አንዳንዱ ፎቶ ላይ ቬሎው ከመጠን በላይ ነጥቶ ዳንቴሉ ጠፍቷል፤ ሌላው ላይ የሙሽራዋ ፊት ጠቁሯል። ምን ላድርግ ብለሽ ስትጠይቂ «ፍላሹን አውቶ ላይ ተይው፣ አትነካኪው» ተባልሽ። አባትሽ የባንክ ፈተና ተፈተኚ ይላሉ። ዱባይ የምትሠራው እህትሽ ደግሞ አዲስ ካሜራ ልግዛልሽ ብላለች። በመጨረሻም «ምናልባት ተሰጥዖው የለኝ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ተሰጥዖሽን በዚህ አትለኪው። እኔን ያናደደኝ «አትነካኪው» መባልሽ ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። በረዳትነት ገብተው በረዳትነት የቀሩ ብዙ ልጆች አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ «አትንካ» ሲባሉ እሺ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍልሽ በአብዛኛው ስለዚያች «አትነካኪ» ስለተባልሽባት የፍላሽ ቁልፍ ነው።

ፍላሹ በራሱ ሲወስን የሚያደርገውን ልንገርሽ። ዋናው ብርሃን ከመብራቱ በፊት ትንሽ ብልጭታ ይልካል፤ ተመልሶ የመጣውን ለክቶ ኃይሉን ይመርጣል። ልኬቱ ከፊቱ ያለውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ አድርጎ የመገመት ዝንባሌ አለው። ፍሬሙን ነጭ ቬሎ ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ የሙሽራዋ ፊት ይጠቁራል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ሲሞሉት ደግሞ «አነሰ» ብሎ ይጨምራል፣ ጠርዝ ላይ የቆመችው ሙሽራ ቬሎ ይቃጠላል። ሁለቱ ችግሮችሽ ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው።

መፍትሔው ፍላሹን የመጨመሪያና የመቀነሻ ቦታ ላይ ነው፤ መብረቅ ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር የተሳለበትን ፈልጊ። ቬሎው ፍሬሙን ሲሞላ ወደ +1 አካባቢ ውሰጂው። ጥቁር ሱፍ ሲበዛ ትንሽ ቀንሺ።

ዘመድ አዝማድ ዲኮሩ ፊት እየተፈራረቀ ሲነሳ ግን ማኑዋል፣ ማለትም የፍላሹን ኃይል ራስሽ የምትወስኚበት፣ ይሻላል። ሙሽሮቹ ቦታቸውን አይለቁም፣ አንቺም አትንቀሳቀሺም። ኃይሉን ለምሳሌ ከሙሉው 1/4 ላይ አድርጊ፣ አንድ አንሺ፣ ቬሎው ላይ ዳንቴሉ መታየቱን ስክሪኑን አጉልተሽ እዪ፣ አስተካክይ። ከዚያ አክስት ጥቁር ካፖርት ለብሳ ብትመጣ፣ አጎት ነጭ ጋቢ ቢደርብ የሚቀየር ነገር የለም። ርቀቱን ብቻ ጠብቂ፤ ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ብታፈገፍጊ የሚደርሳቸው ብርሃን ሩብ ነው የሚሆነው።

አዳራሹ ጨለማ ጉድጓድ መስሎ የሚወጣውም በአውቶ ምክንያት ነው። ሰዎቹ ይበራሉ፣ የተከፈለበት ዲኮር ይጠፋል። እዚያ ላይ ዝግተኛውን የፍላሽ ሞድ ተጠቀሚ። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ እስከ 1/30 ወይም 1/15 ሰከንድ ድረስ ክፍት ሆኖ የአዳራሹን መብራት ይሰበስባል፤ ፍላሹ ሰዎቹን ያጠራቸዋል። እስክስታ ሲጀመር ደግሞ ፍላሹ ሹተሩ ሊዘጋ ሲል የሚበራበትን ሞድ ሞክሪ። የእንቅስቃሴው ጭረት ከሰውየው ኋላ ይቀራል፣ ትከሻው ጥርት ብሎ ይያዛል።

የቀይ ዐይን መቀነሻውን ሰርግ ላይ አጥፊው። የዐይንን ብሌን ለማጥበብ ቀድሞ ያበራል፣ ትዘገያለሽ፣ ቀለበቱ ጣት ላይ ገብቶ ያልቃል። እኩለ ቀን ላይ መናፈሻ ስትሄዱ ደግሞ ፍላሹን በግድ አብሪው። አውቶ «ፀሐይ አለ» ብሎ ይተወዋል፤ የሙሽሮቹ ዐይን ግን ጥላ ውስጥ ነው። የሹተርሽ ፍጥነት ብዙ ካሜራ ላይ ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ እንዳያልፍ ተጠንቀቂ፣ አለበለዚያ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳታስፈቅጂ ፍላሽ አታብሪ።

የእህትሽን ነገር በግልጽ ልናገር። ሰው አገር ላቧን አንጠፍጥፋ ያጠራቀመችውን ለካሜራ አታስወጫት። አዲሱም ካሜራ ለራሱ ከተተወ በነጭ ቬሎ መታለሉ አይቀርም። የግድ ልርዳሽ ካለች አናቱ የሚዞር ውጫዊ ፍላሽ ትላክልሽ፤ ዋጋው ከካሜራ በጣም ያነሰ ነው፣ ብርሃኑንም ነጭ ኮርኒስ ላይ አንጥረሽ ታለሰልሺዋለሽ። ባለቀለም ድንኳን ውስጥ ግን እንዳታነጥሪው፣ ቀለሙ ፊታቸው ላይ ይወርዳል።

አባትሽ «ሴት ልጅ በሌሊት ሰርግ ለሰርግ አትዞርም» ማለታቸውን ጽፈሻል። የመመለሻው ነገር እውነተኛ ስጋት ስለሆነ ትራንስፖርቱን ከባለቤቱ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪ። ሴትነትሽ ለሥራው አይሆንም የሚለውን ግን አልቀበላቸውም። ሙሽራዋ ስትለብስ ወንዱ ፎቶ አንሺ በር ላይ ነው የሚቆመው፤ አንቺ ትገቢያለሽ። ይህን ብዙ ቤተሰብ ፈልጎ ነው የሚከፍልበት።

የባንኩን ፈተና ተፈተኚ፣ ፎቶ ቤቱን ግን ቢያንስ አንድ ዓመት አትልቀቂ። የራስሽን ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ገና ነው።

መጪው ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የኦርቶዶክስ ሰርግ ስለሌለ ካሜራው መደርደሪያ ላይ ይውላል። ባለቤቱ ማታ ማታ እንዲያውስሽ ለምኚው። አንዷን ጓደኛሽን ነጭ ነጠላ አልብሺ፣ ሌላዋን ጥቁር ጃኬት፣ ጎን ለጎን አቁሚያቸው። መጀመሪያ በአውቶ፣ ቀጥሎ በ+1፣ ከዚያ በማኑዋል አንሺያቸውና ሦስቱን ለባለቤቱ አሳዪው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰርጉ ሲጀመር የዘመዶቹን ፎቶ በማኑዋል እንድታነሺ ጠይቂው።